የቀትሩ ዜና እርማት

ጋሽ ነጎድጓድ ከሥራቸው ሊነሱ መሆናቸውን በቀትር ዜና መሃል ራሳቸው ለአድማጭ አነበቡ። ጽሑፉን የጻፈችው አዘጋጇ ናት። የላከችውም እሷ፣ የተላከበትን የቻት ፕሮግራም መርጣ የጫነችውም እሷው ናት። በማንም ላይ የምታላክከው ነገር አልነበረም፤ ለማላከክ ግን ሞክራለች።

ያነበቡት ይሄን ነው፦

«ሽማግሌው ዛሬም ትንፋሽ አጥሮት ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ በጠሰው። ከወሩ መጨረሻ በኋላ በወጣት ድምፅ እንዲተካ ተወስኗል፤ እስካሁን ግን የነገረው ሰው የለም። እስከዚያ አጫጭሩን ዜና እየመረጥኩ አስታምመዋለሁ። ለካ ነጎድጓድም ያረጃል።»

አነባበባቸው እንከን አልነበረውም። «ተወስኗል» የሚለው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሳረፉ። «የነገረው ሰው የለም» ሲሉ ነገሩ ያሳዘናቸው ይመስል ነበር። «ያረጃል» ብለው ጨረሱና ወረቀታቸውን ገልጠው፣ «አሁን ደግሞ የአየር ሁኔታ» አሉ።

ከመስታወቱ ወዲህ አዘጋጇ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬቱ ግን ምንጣፍ የለበሰ ሲሚንቶ ነው።

ጣቢያው ትንሽ ነው። አንድ ስቱዲዮ፣ ከእሱ በወፍራም መስታወት የተለየ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ደግሞ የኃላፊዋ ቢሮ። ጋሽ ነጎድጓድ (ስሙ ለድምፃቸው የወጣ ነው) ስቱዲዮው ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ዜና ያነባሉ። አዘጋጇና ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው ይከታተላሉ። ቴክኒሻኑ ቀጭን ስለሆነና እጁ ከገመድ ስለማይለይ «ሽቦ» ይባላል፤ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ቅር አይለውም። ኃላፊዋ በሌሉበት ሁሉ «እሜቴ» ናቸው።

ቀደም ሲል ትኩስ ዜና ሲመጣ ከሁለቱ አንዳቸው በወረቀት ጽፈው፣ በሩን ቀስ ብለው ከፍተው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ገብተው ከማይኩ በስተግራ ያስቀምጡላቸው ነበር። ጋሼ ቀና ሳይሉ ወረቀቱን ስበው ያነቡታል። ምን እንደሚል አስቀድመው አያዩትም፣ ጊዜ የለማ። በግራ በኩል የመጣ ሁሉ የሚነበብ ነው። በጆሮ ማዳመጫቸው ለመንገርም ተሞክሮ ነበር፤ እያነበቡ ሰው ጆሯቸው ውስጥ ሲያወራ ግን ይደናገራሉ። ታዲያ አንድ ቀን ሽቦ ወረቀት ይዞ ሲገባ ጫማው ሲጥ አለ። ሲጥታው በሥርጭት ወጣና አድማጮች ስቱዲዮው ውስጥ አይጥ ገብቷል ወይ ብለው ደወሉ። እሜቴ አዘጋጇን ቢሮአቸው ጠርተው፣ «ኮምፒውተር ስትጎረጉሪ አይደል የምትውዪው? በይ መግባት መውጣት የሌለበት ነገር ፈልጊልኝ» አሏት።

ፈለገች። ሦስት ፕሮግራም አወረደች። አንደኛውን ወዲያው ጣለችው፤ ለመጀመር የእያንዳንዱን ሰው ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ጋሼ ደግሞ ለማያውቁት ሰው ቁጥራቸውን አይሰጡም፣ ለማሽን ይሰጣሉ ማለት ዘበት ነው። ሁለቱ ቀሩ።

«ይሄኛው ጥሩ ነው» አለ ሽቦ። «አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ትጽፊያለሽ፣ ሁላችንም እናያለን፣ አለቀ።»

«ይሄ እኮ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።»

«ሰሌዳ ምን አደረገሽ? ሰሌዳ ላይ ሰው አይታማም።»

«እና የት ልናማ ነው?»

ሽቦ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሌላኛውን መረጠች። ዩኒቨርሲቲ እያለች የተጠቀመችበት ስለሆነ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ የፈለጉትን ያህል መስኮት ይከፈትበታል። አንዱን «ስቱዲዮ» አለችው፤ ለሦስቱም የሚታይ። ሌላኛው የእሷና የሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦ በሥርጭት ሰዓት ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለና። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ አንድ ነገር አበራች፦ አዲስ መልእክት የመጣበት መስኮት ራሱ ወደ ፊት ብቅ ይላል።

«ይሄ ነው የሚመቸኝ» አለች። «መፈለግ የለ፣ መጫን የለ።»

«ለኔ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው የመሰለኝ» አለ ሽቦ።

«አንተ ጫማህን ቀባ።»

ጋሼን ለማስጀመር በማግስቱ ስቱዲዮ ገባች። ከማይኩ በስተግራ፣ ድሮ ወረቀቱ ይቀመጥበት በነበረበት ቦታ፣ ስክሪኑ ቆሟል። ጋሼ ከቤታቸው ያመጧትን ትንሽ ትራስ ወንበሩ ላይ አስተካክለው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«መጀመሪያ ስም ይላል፣ ጋሼ።»

«ስም አለኝ እኮ።»

«አጠር ያለ ነው የሚፈልገው። እንዲሁ የምንጠራዎት ዓይነት።»

«እንግዲያው ከጀርባዬ የምትጠሩኝን ጻፊዋ።»

አዘጋጇ ያልሰማች መሰለች። ከመስታወቱ ወዲያ ሽቦ ድንገት ጠረጴዛ ሥር የሚፈልገው ገመድ አገኘ።

«ነጎድጓድ አይደል የምትሉኝ?» አሉ ጋሼ። «ጻፊው። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ሞልተዋል።»

ጻፈችው። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው አነበቡት፣ ሁለተኛም አነበቡት። ደስ እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር።

ወጥታ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና የሙከራ መልእክት ላከች። «ሰላም ጋሼ ይታያል» የሚል ነው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ በዜና ድምፃቸው፣ «ሰላም፣ ጋሼ፣ ይታያል» ብለው አነበቡ። ሽቦ በሳቅ ተንከተከተ።

«ይሄን አይደለም ጋሼ» አለች በድምፅ ማጉያው። «ዜና ሲሆን ነው የሚነበበው።»

«ዜና መሆኑን በምን ላውቅ?»

ሌላ ሥራ ነበረባት። አንድን ነገር ሁለቴ ማስረዳት ደግሞ አትወድም። «ዜና እያነበቡ ሳለ ከመጣ ዜና ነው። እንደ ወረቀቱ ይቁጠሩት።»

«እኔስ መመለስ ብፈልግ?» ብለው ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አንድ ፊደል ለማግኘት ጣታቸውን አቁመው ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ ቆዩ። አዘጋጇ ትንሽ ታገሠችና ገብታ ኪቦርዱን ጠረጴዛው ሥር ወዳለው መሳቢያ ገፋችው።

«መጻፍ አያስፈልግዎትም ጋሼ። ማንበብ ብቻ ነው።»

ነገሩ ሠራ። ጫማ ሲጥ አላለም፣ በር አልተከፈተም፣ ትኩስ ዜና በስክሪኑ ይደርሳል፣ ጋሼ ያነቡታል። እሜቴም ኮሪደር ላይ አግኝተው አመሰገኗት። እግረ መንገዳቸውን ሌላውንም ነገሯት፤ አድማጭ እየቀነሰ ነው፣ የጋሼ ትንፋሽ እየተሰማ ነው፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ወጣት ይገባል።

«ጋሼ ያውቃሉ?» አለች አዘጋጇ።

«አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ከኔ ይልቅ ላንቺ ይቀርባሉ።»

ለመናገር አንድ ሁለት ጊዜ አስባለች። ግን ምን ብላ ትጀምረው? ደግሞም፣ ሰው የራሱ ትንፋሽ ማጠሩን እንዴት አያውቅም፣ ራሳቸው ቢሉት ምናለበት እያለች ተናደደችባቸው። ባለመናገሯ ሳይሆን ባለመጠየቃቸው። እስከዚያው ረጃጅሙን ዜና ወደ ጎን እያስቀመጠች አጫጭሩን ትሰጣቸው ጀመር። እሳቸውም ምንም አላሉም።

በዚያን ቀን ቀትር ላይ ጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። የሽቦ መልእክት በእሷና በእሱ መስኮት ብቅ አለ፦ «ጋሼ ምን ሆነዋል? እያለከለኩ ነው እኮ።» አዘጋጇ መመለስ ጀመረች። ዓይኗ ኪቦርዱና የሚቀጥለው ዜና ወረቀት ላይ ነበር። እሷ እየጻፈች ሳለ ሽቦ በስቱዲዮው መስኮት «ወደ አየር ሁኔታ ይለፉ» ብሎ ላከ (እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ጋሼ ያደርጉታል እንጂ አያነቡትም)፤ ያ መስኮት አዘጋጇ ስክሪን ላይ ሳያንኳኳ ወደ ፊት ዘለለ። ቀና ሳትል ጽፋ ጨረሰችና ላከችው። በፊታቸው «እርስዎ» የምትላቸውን ሰው «እሱ» ብላ የጻፈችው መልእክት ስክሪናቸው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ዜና እያነበቡ ሳለ ደረሰ።

ድምፃቸው «ሽማግሌው» ሲል ነው ቀና ያለችው። ያደረገችው ነገር መልእክቱን መሰረዝ ነበር። ተሰረዘ። ጋሼ ግን ማንበባቸውን አላቆሙም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ከድምፃቸው ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ አፋቸው አንዱን መስመር ሲል ዓይናቸው የሚከተለውን ጨርሷል። ከስክሪኑ የጠፋውን ከራሳቸው አወጡት። «ለካ ነጎድጓድም ያረጃል» ያሉት «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል ጽሑፍ እያዩ ነው።

ዜናው አልቆ ቀዩ መብራት ጠፋ። አዘጋጇ ወደ ሽቦ ዞረች።

«ማይኩን ለምን አልዘጋኸውም?»

«እኔ?»

«እጅህ እዚያው ላይ ነበር። እየሰማህ ነበር።»

«እኔ የምሰማው ድምፅ ነው፣ ወሬ አይደለም» አለ ሽቦ። «ከፍ አለ ወይ፣ ዝቅ አለ ወይ፣ እሱን ነው የምጠብቀው። ምን እንደሚሉ የሰማሁት ስማቸው ሲጠራ ነው።» እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻል ነበር። ግን «ሰሌዳውን መርጠሽ ቢሆን» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሌላ ቀን ጋሼ ዜና ሲጨርሱ ወጥተው ሻይ ይጠጣሉ። ዛሬ አልወጡም። ማዳመጫቸውን መስቀያው ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። አዘጋጇ ከጀርባቸው በቀር ሌላ የሚታይ ነገር ፈለገች፤ አጣች።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ የጋሼሽ ባለቤት ነኝ» አለ የሴት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። «ቅድም ሬዲዮው ላይ የነበረው ሽማግሌ ማነው?»

«እሱ… እሱ የድራማ ጽሑፍ ነው፣ እትዬ። ከዜናው ጋር ተቀላቅሎ ነው።»

«ድራማ።»

«አዎ።»

«ድራማው ውስጥም ነጎድጓድ የሚባል አለ ማለት ነው።»

አዘጋጇ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«ስሙን ማሽን ላይ የጻፋችሁለት ቀን እየሳቀ ነው የገባው» አሉ ሴትየዋ። «እራት ላይም ያንኑ ሲያወራ ነበር። በይ፣ መድኃኒቱን ከምሳ በፊት እንዲውጥ ንገሪልኝ። እኔ መደወሌን እንዳትነግሪው።»

ስልኩ ተዘጋ። መልእክቱን እንዴት ታድርስ? ማን አለሽ ቢሏት?

እሜቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ። እግራቸውን ኮሪደር ትተው በአንገታቸው ብቻ ገቡ። «እርማት ጻፊ» አሉ። «የቴክኒክ ብልሽት በይው። የከሰዓቱ ዜና መጀመሪያ ላይ ይነበባል።»

«ማን ነው የሚያነበው?»

«እንደ ወትሮው ነዋ» ብለው አንገታቸውን ይዘው ሄዱ።

እንደ ወትሮው ማለት በዚህ ቤት ስህተቱን ያነበበ ሰው እርማቱንም ያነባል ማለት ነው። ጋሼ ራሳቸው ያመጡት ልማድ ነው፤ የዋሸው ድምፅ ራሱ ሲያርም አድማጭ መስማት አለበት ይላሉ።

አዘጋጇ ጻፈች። ቶሎ ጻፈች፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ለመጻፍ ተምራለች። «በቀትር ዜናችን በደረሰ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ከዜናው ጋር ግንኙነት የሌለው ጽሑፍ ተነቧል። ለተፈጠረው ስህተት አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።» የትኛው መስኮት ላይ እንዳለች ሦስቴ አይታ በስቱዲዮው ላከችው። ከጀርባቸው ሆና ስክሪኑን ሲያዩ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳቡ፣ ኪቦርዱን አወጡ።

ፕሮግራሙ ከመስኮቱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል፣ «ነጎድጓድ እየጻፈ ነው» አለ።

ቆየ። አንድ ጣት ከፍ ይላል፣ በኪቦርዱ ላይ ይዞራል፣ ይወርዳል። ሽቦ ሳይቀር መስታወቱ ላይ ተጠግቶ ቆመ። ጽሑፉ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የተሳሳቱትን እያጠፉ ነው። አዘጋጇ ስክሪኑን ባስጀመረቻቸው ቀን ፊደሉ የት የት እንዳለ ብታሳያቸው ምን ይወስድባት እንደነበር አሰበች። ምንም አይወስድባትም ነበር።

መጣ። «ውሸቱ የቱ ነው»

መመለስ ጀመረች። «ጋሼ ነገሩ እንደዚያ ሳይሆን» ብላ አጠፋችው። «ያልተጠናቀቀ ውሳኔ ስለሆነ» ብላ አጠፋችው። «እኔ የተባልኩትን ነው» የሚለውን ጽፋ ስታየው አፈረችበትና አጠፋችው። እሷ በጻፈችና ባጠፋች ቁጥር እሳቸው ስክሪን ላይ «አዘጋጅ እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ ጥልቅ እንደሚል ትዝ ያላት ዘግይቶ ነው። ሁሉንም እያዩ ነበር። እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ግቢ ባክሽ» አለ ሽቦ። «ስድስት ሜትር አይሆንም እኮ።»

ገባች።

«በሩን ዝጊው» አሉ ጋሼ፣ ሳይዞሩ።

ዘጋችው። የስቱዲዮ በር ከባድ ነው፣ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፤ ሲዘጋ የውጪው ድምፅ ሁሉ ተቆርጦ የራስ ልብ ምት ይሰማል።

«እርማት የሚነበበው ውሸት ሲነበብ ነው» አሉ። «ቁጥር ተሳስቼ አርሜያለሁ። አንዴም በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ አርሜያለሁ፣ ሰውዬው ራሱ ደውሎ አመስግኖኛል። አሁን ምኑን ላርም? ትንፋሼ አላጠረም ልበል?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ከወሩ መጨረሻ በኋላም አለሁ ልበል?»

ጋሼ የስክሪኑን ጫፍ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«የነገረኝ ሰው አለ ልበል?»

«እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ» አለች አዘጋጇ። «ለኔ ነው የተሰጠኝ።»

«እሱስ ገብቶኛል። አጫጭሩን ዜና የምትሰጪኝም አንቺ መሆንሽ ገብቶኛል። ደግ ሆና ነው ብዬ ነበር።»

ዓይኗ ትራሷ ላይ ዐረፈ። ጠርዟ ላይ ስፌቷ ተተርትሮ በሌላ ክር ተሰፍቷል። ምን ለማወቅ እንደፈለገች ሳታስብ ጠየቀች።

«ለምን አላቆሙም? ዓይንዎ ይቀድማል። ሳይጨርሱ ገብቶዎታል እኮ።»

«መጀመሪያ ላይ አልገባኝም። ሽማግሌው ሲል ሌላ ሰው መስሎኝ አዘንኩለት።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ኋላ ስሜን አየሁት። ያኔ ድምፄ ገና መሃል ላይ ነበር። ሰው እየሰማኝ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ትቼ አላውቅም። ባቆም ኖሮስ? ዛሬም ትንፋሹ አጠረ ብለሽ ትጽፊ ነበር።»

ከጠረጴዛው ላይ ብዕራቸውን አንስተው ዘረጉላት። እርማቱን እዚያው ቆማ በወረቀት እንደገና ጻፈችው። «በቀትር ዜናችን የተነበበው የአዘጋጇ የግል መልእክት ነው። በእሷ ስህተት ወደ ስቱዲዮ ተልኳል። አዘጋጇ አንባቢውን ይቅርታ ትጠይቃለች።» ፊደሉ የልጅ ጽሕፈት መሰለ።

ጋሼ አነበቡት። ብዕሩን ወሰዱና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰረዙት።

«ይሄን አላነበውም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ለኔ የተላከ ነዋ። ለኔ ያልተላከውን ለሕዝብ አንብቤ የሆነውን አየን። ለኔ የተላከውንም ላንብብ?»

ወረቀቱን ከማይኩ ፊት አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ። ያን ቀን ፊታቸውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ተቆጥተው ቢሆን ይቀላት ነበር፤ አልተቆጡም። እየጠበቁ ነው። ምን እንደሚጠብቁ ታውቃለች፣ አንዲት ቃል ናት፣ ተጽፋ የተሰረዘችው። አፏን ከፈተች። ከመስታወቱ ወዲያ ሽቦ አንድ ጣቱን አነሳ።

«አንድ ደቂቃ ቀረ» አለች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ማይኩ ዞሩ። ማዳመጫቸውን አደረጉ። «ረጃጅሞቹን አምጪልኝ» አሉ።

ወደ ጎን ስታስቀምጣቸው የነበሩትን ወረቀቶች አምጥታ ሰጠቻቸው። ስትወጣ በሩን ለቀቀችው፤ እንደ ሁልጊዜው ራሱ ቀስ እያለ ተዘጋ።

ቀዩ መብራት በራ። ጋሼ እርማቱን አነበቡ፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያነቡ። ከዚያ ረጃጅሞቹን ጀመሩ። ትንፋሻቸው ከመጀመሪያው ዜና አላለፈም። አልደበቁትም። ባለቀ ጊዜ ባለቀበት ቦታ ያቆማሉ፣ ማይኩ ውስጥ አየር ይስባሉ፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሽቦ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እጁን ሰደደና መለሰው። አዘጋጇ ኪቦርዷን ወደ ራሷ ሳበች።

ያኔ ነው ስቱዲዮው መስኮት ላይ የጻፈችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» ይላል። ስድስት ሜትር የማይሞላ ቦታ ሄዳ በአፏ ያልተናገረችውን ላከችው። ከላከችው በኋላ ዜና እያነበቡ መሆናቸው ትዝ አላት። ዜና እያነበቡ ሳለ ከመጣ ዜና ነው ብላቸው ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

የጋሼ ራስ ወደ ግራ ዞር አለ። ድምፃቸው የጀመሩትን ዜና ሳይለቅ ቀጠለ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ ምንም ድምፅ እንዳይሰማ በዝግታ፣ ስክሪኑን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ዜናው አለቀ። ሁልጊዜ የሚጨርሱት «እስከ ማታው ዜና በደኅና ቆዩን» ብለው ነው። አሁን «በደኅና ቆዩ» ብቻ አሉ። ስለ ማታው ዜና ምንም አላሉም። ሽቦ ወደ አዘጋጇ ዞሮ አያት፤ እሷ ግን አላየችውም።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ጋሼ ማዳመጫቸውን ሰቀሉ። መነጽራቸውን ማኅደሩ ውስጥ አስገቡ። ረጃጅሞቹን ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ ተዉአቸው። ኪቦርዱን ወደ መሳቢያው መለሱት። ከዚያ ትራሷን ከወንበሩ ላይ አነሱ፣ አራገፏት፣ ብብታቸው ሥር አደረጓት።

አዘጋጇ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። መስታወቱን በጣቷ ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ጋሼ ወደ መስታወቱ አልዞሩም። ወጡና በሩን ራሱ እስኪዘጋ አልተዉትም፤ ማይክ ክፍት ሊሆን ይችላል ብሎ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ኮሽ ሳያደርጉ ዘጉት።